የጠረጴዛዬ መጋጠሚያ ተከፈተ፤ ልጠግነው ወይስ ልደብቀው?

የሰንጋተራው፦
ሰላም የእንጨት ሰዎች። የኔ ሙያ ሌላ ነው፤ እንጨት የምነካው ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሁድ ነው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በረንዳዋን ወርክሾፕ አድርጌያታለሁ። ጎረቤቶቼ እስካሁን ችለውኛል።

አሁን ለሳሎን የሚሆን የዋንዛ ጠረጴዛ ይዣለሁ። እንጨቱን ከመርካቶ ገዛሁ፣ ማሽን ቤት አስላግኩት፣ ጣውላዎቹን ጎን ለጎን በነጭ ኮላ አጣበቅኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው። ሁለቱ ጣውላዎች የተገናኙበት መስመር ጫፉ ላይ ተከፍቷል፤ መታወቂያ ካርድ ያስገባል። መሃሉ ግን ጥብቅ ነው። ቀለም ስቀባው ደግሞ እዚህም እዚያም ቀለም ያልያዘ ነጣ ያለ ቦታ ቀረ፤ የጣት አሻራ የሚመስልም አለበት። እግሩም ይወዛወዛል።

የሰፈራችን አናጢ «ስቱኮ ሙላበትና ጠቆር ያለ ቫርኒሽ ንፋበት፣ ማን ያየዋል» አለኝ። ዋንዛን በጥቁር ቀለም መሸፈን ግን አንጀቴ አልቻለም። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰጋቱራ፦
ስቱኮውን ተወው። ከዋንዛው የወጣውን ሰጋቱራ ከነጭ ኮላ ጋር ለውሰህ ጠቅጥቅበት። ከራሱ እንጨት ስለሆነ ቀለሙ ይገጥማል። ስሜንም ያገኘሁት ከዚሁ ነው።

ጋሽ_መሮ፦
ሰጋቱራ ወንድሜ፣ ይሄንን ምክር የማይሰጥ አናጢ የለም። ችግሩ ኮላው ሲደርቅ ነው የሚመጣው። ነጭ ኮላ የገባበት ሰጋቱራ ከእንጨቱ ይጠቁራል። ቀለም ስትቀባው ደግሞ አይጠጣም፤ ዙሪያው ሲጨልም እሱ እንዳለ ይቀራል። ለሚስማር ቀዳዳ ይሁን። ካርድ ለሚያስገባ ክፍተት ግን መስመሩ ከሩቅ ይታያል።

የግድ በሰጋቱራ ልሙላ የሚል ሰው ከመጋዝ የወደቀውን ሻካራውን አይጠቀም። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ የሚያገኘውን ዱቄት ይውሰድ። የሚለውሰውም በኮላ ሳይሆን በጎማ ላካ (በአልኮል የሚበጠበጥ የእንጨት ማብሪያ) ወይም በሚቀባው ቫርኒሽ ራሱ ይሁን። ቁራጭ እንጨት ላይ ይሞክረው፣ አድርቆም ይየው።

አንተ የሰንጋተራው ግን ከመሙላትህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ለምን ተከፈተ? ጫፉ ተከፍቶ መሃሉ ጥብቅ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው እርጥበትን ነው። እንጨት በጫፉ በኩል ውሃ የሚያወጣው ከፊቱ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። ጫፉ ቀድሞ ይደርቃል፣ በወርዱ ይሰበሰባል፣ መሃሉ ገና ነውና አይከተለውም፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ጫፉ ላይ ይላቀቃል። መርካቶ «ደረቅ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጣውላ ብዙ ጊዜ ላዩ ብቻ ነው የደረቀው። ዛሬ ብትሞላው፣ ሙሉው ሲደርቅ ወይ ሌላ ቦታ ይከፈታል ወይ የሞላኸውን ይተፋዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ውስጥ አስቀምጠው። ከግድግዳ አርቀህ፣ ከሥሩ ቁራጭ እንጨቶች አድርገህ፣ በሁለቱም በኩል አየር ያግኝ። ክፍተቱን በእርሳስ ምልክት አድርግበት። መስፋቱን ሲያቆም ያኔ እንነጋገራለን።

የሰንጋተራው፦
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በሞርሳ አጥብቄ እንደገና ኮላ ብጨምርበትስ? በእጄ ስጫነው እኮ ይዘጋል።

ጋሽ_መሮ፦
ይዘጋል፣ አዎ። በግድ የተዘጋ መጋጠሚያ ግን ዕድሜ ልኩን ለመከፈት ሲታገል ይኖራል። እዚያው መስመር ላይ ባይከፈት ጎኑ ያለው ጣውላ ይሰነጠቃል።

ሁነኛው መንገድ መስመሩን ተከትለህ ሙሉ ለሙሉ መሰንጠቅ ነው። ማሽን ቤት ውሰደው፣ በመጋዝ በመጋጠሚያው ላይ ያሳልፉልህ፣ ሁለቱን ጎን አስላግና እንደ አዲስ አጣብቀው። ከወርዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ትከስራለህ። ማንም አያውቅብህም፤ የሚደበቅ ነገርም አይኖርም።

ይሄን ሁሉ ካልፈለግክ ከዚያው ዋንዛ ስንጥር አውጣ። ጅማቱ (በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው መስመር) ከጠረጴዛው ጅማት ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ አንድ ወገኑ ሳሳ ያለ፣ እንደ ሽብልቅ። ክፍተቱ ውስጥ ያለውን አሮጌ ኮላ በቀጭን ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) አጽዳ፣ አዲስ ኮላ ቀባ፣ ስንጥሩን በቀስታ ምታው። አትጠብጥበው፣ ይሰነጥቅብሃል። ሲደርቅ የተረፈውን በመሮ ቁረጥና ላገው። ያ ስንጥር እንጨት ስለሆነ ቀለም ይጠጣል። በደንብ ከሠራኸው አንተ ራስህ ቦታውን ፈልገህ ታጣዋለህ።

ካዛንቺስ_ኪችን፦
ስለ ነጣ ያለው ቦታ ልጨምር። የኮላ ጣጣ ነው። ስታጣብቅ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረግከው፣ አይደል? ያኔ ነው ቀዳዳዎቹ ውስጥ የገባው። አሻራውም ኮላ በነካ ጣት የተያዘ ነው። ኮላ የጠጣ እንጨት ደግሞ ቀለም አይጠጣም። ስለዚህ ቀለም ብትደራርብበት ዙሪያው እየጠቆረ ይሄዳል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም።

መፋቅ አለብህ። ሹል መሮ ቀጥ አድርገህ ይዘህ ወይም ቀጥ ብሎ በተሰበረ የመስታወት ጠርዝ ጅማቱን ተከትለህ ፋቀው። የድሮ አናጢዎች በመስታወት ነው የሚፍቁት፤ ጓንት ግን አድርግ። ከዚያ በ120 ከዚያም በ180 ብርጭቆ ወረቀት እሸው። አንዷን ነጥብ ብቻ አታሽ። ያንን ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሸውና ቀለሙን በሙሉ እንደገና ቀባው፤ አለዚያ ጥጋኑ ያስታውቃል።

ከመቀባትህ በፊት ደግሞ ቲነር በነካ ጨርቅ ሁሉንም አብሰው። ለጥቂት ሰከንድ እንጨቱ ቀለም የተቀባ ይመስላል፤ ኮላ ያለበት ደግሞ ነጥቶ ይታይሃል። መስኮት ክፈት፣ እሳት አጠገብ አትሥራ።

ለሚቀጥለው ጊዜ የፈሰሰውን ኮላ አትጥረግ። እንደ ማስቲካ ሲሆን ጠብቀህ በመሮ አንሳው። ንጹህ ሆኖ ይነሳል።

የሰንጋተራው፦
እንዴት አወቅሽብኝ? በእርጥብ ጨርቅ ሙልጭ አድርጌ ነበር የጠረግኩት።

ሰጋቱራ፦
እኔ ከጋሽ መሮ ጋር አልከራከርም። ሥራ ሲበዛ ግን ስንጥር ለማውጣት ጊዜ የለም። ደንበኛው ነገ ይፈልጋል፣ አንተ ዛሬ ትሞላለህ። ጠቆር ያለ ቀለም ያለምክንያት አልተፈጠረም።

ባለአልጋው፦
ይሄን ሳነብ ደሜ ፈላ። እኔ አናጢ አይደለሁም፣ ደንበኛ ነኝ። ከአንድ ሱቅ አልጋ ገዛሁ። ጥቁር ቡኒ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ያማረ። ብዙም ሳይቆይ የጎኑ ድጋፍ ሌሊት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የተሰበረውን ሳየው መሃሉ ላይ ትልቅ የቅርንጫፍ ቁስል አለ፣ ዙሪያው ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ በስቱኮ ተሞልቶ ተቀብቷል። ሠሪው አይቶታል ማለት ነው! አይቶ ነው የሞላው። እናንተ «መደበቅ» የምትሉት ነገር በኔ ቋንቋ ማጭበርበር ነው።

ሰጋቱራ፦
ወንድሜ በአንተ ስለደረሰው አዝናለሁ። ሁላችንን ግን በአንድ ከረጢት አትክተተን።

ጋሽ_መሮ፦
ሰውዬው እውነቱን ነው፣ ሰጋቱራ።

እኔ ሥራ የለመድኩት ተግባረ እድ ነው፤ ከዚያ ጌጃ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ። ጌታዬ ስቱኮውን ቆልፎ ነበር የሚያስቀምጠው። ስትጠይቀው «የቱ ጋ ነው?» ይልሃል። የመሳቢያ ፊት ከሆነ ይሰጥሃል። የወንበር እግር ከሆነ እንጨቱን ይዘህ ና ይልሃል፤ አይቶ ወይ ያስለውጥሃል ወይ እሱ ራሱ ይጠግነዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስቱኮ ጉልበት የለውም። ቀዳዳ ይሞላል እንጂ እንጨት ከእንጨት አይዝም። ሸክም የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ማለትም የአልጋ ጎን፣ የወንበር እግር፣ የመደርደሪያ ድጋፍ፣ የበር ማጠፊያ የሚታሰርበት ላይ ስንጥቅ ካለ ሁለት ምርጫ ነው ያለህ። ስንጥቁ ንጹህ ከሆነ ኮላ በስሪንጅ እስከ ውስጥ ታስገባለህ፤ ከፍተህ ዘግተህ እንዲገባ ታደርጋለህ፤ በሞርሳ ታጠብቃለህ። ለፀጉር ያህል ስንጥቅ ሱፐር ግሉ ይበቃል፣ ቀጭን ስለሆነ ራሱ ይሰርጋል። ቅባት ወይም አሮጌ ኮላ የገባበት ከሆነ፣ ወይም ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ ሆኖ ጅማቱ ከተቆረጠ፣ እንጨቱን ለውጥ። ከኋላ ድጋፍ ለጥፎ ማሳለፍም ይቻላል፤ ድጋፉ ግን ከስንጥቁ በሁለቱም ወገን ራቅ ብሎ ማለፍ አለበት፣ ደንበኛውም ማወቅ አለበት።

ዓይን ብቻ የሚያየውን ግን ደብቅ። ነውር የለውም። ጎድጎድ ያለ ነጥብ፣ የመጋዝ ጭረት፣ በፀጉር የሚለካ የማዕዘን ክፍተት፣ እነዚህን ለደንበኛ መቁጠር እሱን ማስጨነቅ ነው።

ባለአልጋው፦
እሺ፣ ይሄ ይገባኛል። እኛ ስንገዛ ግን በምን እንለየው?

ካዛንቺስ_ኪችን፦
የስልክህን መብራት አብራና ከጎን በኩል አጋድመህ ያዘው። ከላይ ስታበራ ምንም የማይታየው ከጎን ሲበራ ጥላ ይሠራል። የተሞላ ቦታ ወይ ገባ ይላል ወይ አበጥ ይላል። ከዚያ ጅማቱን በዓይንህ ተከተል፤ መስመሩ መጥቶ መጥቶ ድንገት ከጠፋና ማዶ ከቀጠለ መሃል ላይ ያለው እንጨት አይደለም። አልጋ ከሆነ አገላብጠው። ሻጩ ላዩን ይቀባል እንጂ ሥሩን ብዙም አይነካውም። መሳቢያ ካለው ሙሉ ለሙሉ አውጥተህ የኋላውን እይ። አትፈር።

በጣም ጥቁርና በጣም የሚያበራ ሲሆን ደግሞ እኔ ሁሌም እጠይቃለሁ። ጥሩ ዋንዛ ያለው ሰው ዋንዛውን ማሳየት ይፈልጋል።

የሰንጋተራው፦
አንድ ሌላ ጥያቄ። የላዩን ገጽ ከታችኛው ፍሬም ጋር በብሎን አስሬዋለሁ፣ ዙሪያውን። አንዱን ስሰረስር ፑንታው ላዩን በስቶ ወጣ። አሁን መሃል ላይ ቀዳዳ አለኝ። ይሄስ?

ሰጋቱራ፦
😂😂 ይቅርታ። ሁላችንም በዚያ በኩል አልፈናል።

ካዛንቺስ_ኪችን፦
ክብ የእንጨት ችንካር ገዝተህ እንዳትከትበት። ችንካሩ ጫፉ ነው ወደ ላይ የሚታየው፤ የእንጨት ጫፍ ደግሞ ቀለም አብዝቶ ይጠጣል። ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀርብሃል። ከቁራጭ ዋንዛ ላይ ከፊቱ በኩል የተቆረጠ ክብ ውሰድ፣ ጅማቱን ከጠረጴዛው ጋር አስተካክለህ አስገባው፣ ከዚያ ላገው።

ወይም ጭራሽ አትደብቀው። ቀዳዳውን አስተካክለህ ወይራ ክተትበት፤ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም ከዋንዛ ጋር ያምራል። በሌላኛው ጎን ልክ ትይዩው ላይ ሌላ ወይራ ጨምር። አንድ ብቻ ከሆነ ጥጋን ነው፤ ሁለት ሲሆን ጌጥ ይሆናል። ደንበኞቼ ይሄንን አይተው «እንደዚያኛው ይሁንልኝ» ብለው ያዘዙኝ ጊዜ አለ።

ጋሽ_መሮ፦
ቀዳዳው ይቅርና አስተሳሰርህ ነው ያስደነገጠኝ። ዙሪያውን በብሎን ቀጥ አድርገህ ቸንክረኸዋል? የዚያ ጠረጴዛ ስንጥቅ ገና ይመጣል።

እንጨት በርዝመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በወርዱ ግን ክረምት ይሰፋል፣ በጋ ይጠባል። የዓመቱን ቀለበት ተከትሎ የሚሰፋው ከመሃል ወደ ውጭ ከሚሰፋው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ጣውላ የሚጎብጠውም ለዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውሃ ነው፤ ከኅዳር በኋላ ደግሞ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ይመጣል። ጠረጴዛህ ይሄንን ሁሉ ይኖረዋል። የፍሬሙን ቀዳዳዎች በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጋቸው፣ ብሎኑ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ ያግኝ። ከብሎኑ ሥር ሰፊ ሮንዴላ አድርግ። ኮላ በፍጹም እንዳትቀባ።

ስለ ውዝዋዜውም ልንገርህ። መጋዝ ከማንሳትህ በፊት ጠረጴዛውን ዘወር አድርገው። ውዝዋዜው ከእግሩ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የእግሩ ነው። እዚያው ቦታ ከቀረ የወለልህ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ወለል ደግሞ እናውቀዋለን። የእግሩ ከሆነ ደልዳላ ነገር ላይ አቁመው፣ ካጠረው እግር ሥር ስስ ነገር እየጨመርክ እስኪረጋ ድረስ አስተካክል፣ በቁራጭ እንጨት ከመሬት እኩል ከፍታ በአራቱም እግር ዙሪያ መስመር አስምር፣ መስመሩን ተከትለህ ቁረጥ። በግምት አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያሉ ቆርጠው የቡና ረከቦት ያሳከሉት ጠረጴዛ አይቻለሁ።

የፒያሳ_ልጅ፦
እኔም ላስቸግራችሁ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ከወጡት ቤቶች የተገኘ አሮጌ በር ገዛሁ። ቀለሙን ስፍቀው ከሥሩ ጽድ ወጣ፤ ሽታው ብቻ ቤቱን ሞላው። መደርደሪያ ላደርገው ነው። በየሚስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ግን ሰማያዊ ጥቁር ነገር ሰርጓል። በብርጭቆ ወረቀት አልጠፋ አለኝ።

ጋሽ_መሮ፦
እሱ ብረት ነው። የሚስማሩ ዝገትና ውሃ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኙ ነው እንዲህ የሚጠቁረው። ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ አሽተህ አትጨርሰውም። ኦክዛሊክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጠህ ትቀባዋለህ፣ ሲነጣ ደጋግመህ በውሃ ታጥበዋለህ። መርዝ ነው፤ ጓንትና መነጽር አድርግ፣ ልጅ አታስጠጋ። ከደረቀ በኋላ ያለ ጭምብል እንዳታሸው፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

እኔን ብትጠይቀኝ ግን አልነካውም። ስንት ዘመን በር ሆኖ የኖረ እንጨት አዲስ እንዲመስል ለምን ትደክማለህ? አዲስ የሚመስል ከፈለግክ አዲስ ግዛ።

ደግሞ ማሽን ቤት ከመውሰድህ በፊት ማግኔት አስጠጋበት። አንድ የተደበቀ ሚስማር ምላጫቸውን ሲበላው ጸቡ ካንተ ጋር ነው።

የፒያሳ_ልጅ፦
አዲስ ጽድ ከየት ይገኝና ጋሼ!

ዋንዛ_ወዳጅ፦
እውነቱን ነው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች አዋጆች ተተክተዋል። ያም ሆነ ይህ የአገር እንጨት ውድ የሆነው በዋዛ አይደለም። ለዚህ ነው አንድ የተበላሸ ጣውላ የምንጥለው በስንት መከራ የሆነው።

አዲሷ፦
ሰላም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ቁም ሳጥን እየሠራሁ ነው፣ በኤምዲኤፍ። የማጠፊያውን ክብ ጉድጓድ በስህተት በሌላኛው ጎን ሰረሰርኩት። ደግሞ አንድ ቦታ መዶሻ ወድቆበት ተሰርጉዷል። ዩቲዩብ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገሽ በካውያ ተኩሺው የሚል አየሁ። ልሞክር?

ካዛንቺስ_ኪችን፦
እንዳትሞክሪ እህቴ! ካውያው ለእንጨት ነው። እንጨት ሲመታ ጅማቱ ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም፤ እንፋሎት ሲያገኝ ያብጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ፣ የጋለ ካውያ፣ ጥቂት ሰከንድ፣ እያነሱ ማየት። ለዋንዛም ለዝግባም ይሠራል። የተቆረጠ ጅማት ግን አይመለስም። ኤምዲኤፍ ደግሞ ተፈጭቶ የተጠፈጠፈ ስለሆነ ውሃ ሲነካው እንደ ልቡ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። ላንቺ ስቱኮ ነው፤ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ማንም አያውቅም። ፎርማይካ ካለበት ቀለሙን የሚመስል ሰም ፈልጊ።

ለማጠፊያው መጀመሪያ በሩን ገልብጪው። ላይና ታቹ እኩል ከሆነ የግራው በር የቀኝ ይሆንልሻል፣ እጀታ ካልሰረሰርሽ ምንም አልተበላሸም። ካልሆነ ግን ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ 35 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአብዛኛው ማጠፊያ ያው ነው። በዚያው ልክ የሆነ የፕላስቲክ ክዳን ይሸጣል፤ በሩ ሲከፈት ብቻ ነው የሚታየው። የሚቀባ ከሆነ ከቁራጭ ኤምዲኤፍ ክብ ቆርጠሽ በኮላ ሙይው፣ በስቱኮ ደልድይው።

የሚያሳስበኝ ብሎኑ ነው። ኤምዲኤፍም ቺፑድም ላይ ብሎን አንዴ ከላላ ክብሪት እንጨት መጠቅጠቅ ብዙ አያስኬድም። ክብሪትና ኮላ ለእውነተኛ እንጨት ነው። ላንቺ በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስፍተሽ የእንጨት ችንካር በኮላ ክተቺ፣ ሲደርቅ በቀጭን ፑንታ እንደገና ሰርስሪ። በር በየቀኑ ስለሚከፈት ይሄንን በስቱኮ እንዳታልፊው።

አዲሷ፦
ገልብጬው ገጠመ! ኑሪልኝ።

ሰጋቱራ፦
እኔም ጥሩ ነገር ልስጣችሁ፣ ሁሌ ተሰዳቢ አልሁን። የፎቶ ፍሬም ወይም የበር ኮርኒስ ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ከቀረች ስቱኮ አትፈልጉ። የካካቪቴውን ክብ ብረት ያዙና ሁለቱን ጠርዝ ከውጭ ወደ መጋጠሚያው በኃይል ፈትጉት። ጅማቱ ይተኛና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ከዚያ በቀላሉ ማሸት ነው። ደንበኛ ቡና እስኪጠጣ ያልቃል።

ጋሽ_መሮ፦
ይሄ ጥሩ ነው። ዛሬ አስተማርከን።

ዋንዛ_ወዳጅ፦
የጫማ ቀለምን ረሳችሁት እኮ። ከሊስትሮ ዕቃ የሚገዛው ቡኒ የጫማ ቀለም ለትንንሽ ጭረት አንደኛ ነው።

ካዛንቺስ_ኪችን፦
ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ብቻ። ሰም አለበት። ሰም የነካው ላይ ቫርኒሽም ላከርም አይይዝም። ቀለምና ቫርኒሽ ሁሉ አልቆ፣ ደርቆ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ነው የጫማ ቀለም የሚወጣው።

የሰንጋተራው፦
ጋሼ፣ ክፍተቱ መስፋቱን አቁሟል። ማሽን ቤት ወስጄ አሰነጠቅኩት። አሁን ላጣብቀው ነው፤ በጠዋት በረንዳው ብርድ ነው፣ ችግር አለው?

ጋሽ_መሮ፦
አለው። ነጭ ኮላ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ በትክክል አይያያዝም፤ ሲደርቅ ኖራ መስሎ ይነጣል፣ ስትጫነው ይላቀቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የአዲስ አበባ በረንዳ ከዚያም ይወርዳል። ቤት አስገባው፣ ኮላውም ሳሎን ይደር። ስታጠብቅ ደግሞ ሞርሳውን ከላይ አንድ ከታች አንድ እያፈራረቅክ አድርግ፣ አለዚያ ይጎብጥብሃል።

የፒያሳ_ልጅ፦
በሌላ ርዕስ ልጠይቅ ነበር፤ ግን ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ባለፈው ክረምት የእናቴን ብፌ ላከር ነፋሁበት። ሲደርቅ ደመና መስሎ ነጣ። አሁንም እንዲያው ነው። እንደገና ፍቄ ልጀምር?

ኮምፕረሰር፦
ቆይ፣ አትፋቀው። እርጥበት ነው። የላከሩ ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ ውሃ ላዩ ላይ ይጤዛል፣ ላከሩ ሲደርቅ ውሃውን ሥሩ ይዞት ይቀራል። ደረቅና ሞቅ ያለ ቀን ምረጥ። ዝግ ብሎ የሚተን ቲነር ካለህ ስስ አድርገህ ንፋበት። ላከሩ ይለሰልስና ውሃው ይወጣል፣ ደመናውም ይለቅቃል። መጀመሪያ በማይታየው ጎኑ ሞክር። ካልለቀቀ ብቻ ነው በ320 ብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ሌላ እጅ የምትነፋው።

ክረምት ላይ የግድ መንፋት ካለብህ ረፋዱ ላይ ንፋ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ስስ ስስ እያደረግክ፣ በመሃል እያስደረቅክ። ከመንገድ ዳር በውሃ ላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠውን ቲነር ደግሞ ለእጅህ መታጠቢያ አድርገው እንጂ ላከር ውስጥ እንዳትጨምረው።

የፒያሳ_ልጅ፦
እኔም የገዛሁት እሱን ነበር። ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። የብፌው ጀርባ ኮምፔርሳቶ ነው፣ እዚያ ላይ ብሞክረው ያው ነው?

ኮምፕረሰር፦
ያው ላከር ከነፋህበት ያው ነው። ጀምር።